የጤና ትምህርት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ የድጋፍ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይቅር?

የተከበራችሁ የራቤል ከተማና የግሼ አካባቢ ነዋሪዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና የእድር ኃላፊዎች፤

ወረርሽኝ ወደ አንድ አካባቢ ሲቃረብ ከበሽታው ቀድሞ የሚደርሰው ወሬው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ አንድም ታማሚ ያልታየባቸው የገጠር ከተሞች ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ይከላከላሉ የሚለውን ወሬ ለመስማት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ የደወለ ሰው ሁሉ የጥሪውን ድምፅ ከመስማቱ በፊት እጅን በሳሙና ስለ መታጠብና ርቀትን ስለ መጠበቅ የሚመክር መልእክት ያደምጥ ጀመር።

መልእክቱ ትክክል ነበር፤ ለብዙ ሰውም ደርሷል። ነገር ግን የተቀረጸ ድምፅ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ የምታመጣ እናት በቀን ስንት ጊዜ ትታጠብ? ብርድ በሚበረታበት ደጋ፣ ከአያቱ ጋር በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚያመሽ ልጅ ርቀቱን እንዴት ይጠብቅ? ለቅሶ መድረስ ከቀረ ሐዘንተኛው በምን ይጽናና? እነዚህ ጥያቄዎች በራሪ ወረቀት ላይ መልስ የላቸውም። መልስ የሚያገኙት የሚጠይቅና የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት ሊገናኙበት በሚችሉ፣ በሚታወቅና በሚታመን ቦታ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ለጤና ትምህርት የሚመደብ የድጋፍ ገንዘብ ከፊሉ፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ እንዲህ ያለውን ቦታና በውስጡ የሚሠራውን ሰው ለማዘጋጀት መዋል አለበት። ለዚህ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም አነስተኛ የንባብ ቤት ነው።

የድጋፍ ገንዘብ ምንድን ነው?

የድጋፍ ገንዘብ ለተወሰነ ዓላማና ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ብድር ይመለሳል፤ ድጋፍ አይመለስም፤ ሆኖም የት እንደ ዋለ ይጠየቅበታል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ የዓለም ባንክ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የኮሮና ምላሽ ያጸደቀው 82.6 ሚሊዮን ዶላር ግማሹ ድጋፍ፣ ግማሹ ብድር ነበር። ከወረርሽኙ በኋላም ወደፊት ለሚመጡ ወረርሽኞች ዝግጅት የሚውል ዓለም አቀፍ የወረርሽኝ ፈንድ ተቋቁሟል። ፈንዱ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባደረገው የመጀመሪያ ዙር ምደባ ለ37 አገሮች 338 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል፤ ኢትዮጵያም ከአገሮቹ አንዷ ናት።

የዚህ የመጀመሪያ ዙር ትኩረት በሦስት ነገሮች ላይ ነበር፦ በበሽታ ቅኝት፣ በላቦራቶሪና በጤናው የሰው ኃይል። ሦስቱም የግድ አስፈላጊ ናቸው። በሽታውን ፈጥኖ የማያውቅ አገር ሊከላከለው አይችልም። ይሁንና ቅኝት የሚጀምረው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከቤት ነው። ትኩሳትና ሳል በአንድ ቤት ሲበረክት ወይም አጣዳፊ ተቅማጥ በአንድ ጎጥ ሲታይ፣ “ይህ ነገር ለጤና ኬላ መነገር አለበት” ብሎ የሚነሣ ሰው ከሌለ ናሙናው ላቦራቶሪ አይደርስም። ስለዚህ የሕዝቡ ዕውቀት የቅኝት ሥርዓቱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ድጋፍ በኢትዮጵያ በሦስት መንገዶች ያልፋል። አንደኛው በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ወደ ክልልና ወደ ወረዳ የሚወርድ ነው። ሁለተኛው በሚመለከተው የዘርፍ መሥሪያ ቤት፣ ለምሳሌ በጤና ሚኒስቴር፣ በኩል የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ድጋፍ ሰጪው ራሱ ወይም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አማካይነት በቀጥታ ሥራ ላይ የሚያውለው ነው። ከእነዚህ ውጭ ወረዳዎች ከክልላቸው የሚያገኙት ጥቅል የድጎማ በጀት አለ፤ ከዚህ አብዛኛው ለሠራተኛ ደመወዝ ስለሚውል ለመጽሐፍ፣ ለመደርደሪያና ለአምፖል የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የንባብ ቤት በእነዚህ መንገዶች መካከል በቀላሉ ይረሳል። የጤናው ዘርፍ ቤተ መጻሕፍትን የትምህርት ወይም የባህል ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጤናን የሌላ ዘርፍ ሥራ አድርጎ ያስባል። በዚህም ምክንያት ሁለቱም የሚፈልጉት ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል። መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይደለም። የወረዳው ጤና፣ ትምህርት፣ ባህልና ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ዕቅድ ላይ መፈራረማቸው በቂ ነው።

ያለፈው ጊዜ የሚያስተምረው

ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊትም ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ ደርሶባታል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የዚያ መከራ መታሰቢያ እስከ ዛሬ አለ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ “ኅዳር ሲታጠን” ይባላል። ልማዱ መቶ ዓመት ተሻግሯል፤ ማብራሪያው ግን አብሮት አልተሻገረም። የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ የሚተላለፈውም በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ ነው። ጽዳቱ መልካም ልማድ ነው፤ የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ግን በሽታውን አይከላከልም፤ እንዲያውም የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል። ሕዝብ መከራን አይረሳም። የሚረሳው “ለምን” የሚለውን ነው፤ እሱን ጠብቆ ለማቆየት ጽሑፍና ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረው አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠሩ ጎልማሶች ንባባቸውን እንዳይረሱ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፍተው ነበር። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ አያያዝ የተዘጋጁ ቀላል መጻሕፍትም ይላኩላቸው ነበር። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ግን አዲስ መጽሐፍ መምጣቱ ቆመ፤ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ሰው ጠፋ፤ ብዙዎቹም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ ወይም ተዘጉ። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም፤ የጎደለው ዘመቻው ካለፈ በኋላ የሚያኖራቸው ወጪና ባለቤት ነው። ዛሬ ለንባብ ቤት የጤና ትምህርት ድጋፍ የሚጠይቅም ሆነ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያስታውሰው ይገባል።

በሌሎች አገሮች የተሠራው

በኬንያ፣ በኪሱሙና በኤልዶሬት ከተሞች የሚገኙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ኢአይኤፍኤል ከተባለው ዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት ባገኙት አነስተኛ ድጋፍ የጤና መረጃ ማዕዘን ከፍተዋል። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት አስገብተው፣ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተጣራ የጤና መረጃ ማግኘትን አስተምረዋል። ሕንፃው ቀድሞም የነበረ ነው፤ ድጋፉ የጨመረው ዕቃና ሥልጠና ነው።

በአሜሪካ ብሔራዊው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በየአካባቢው ባዘረጋው መረብ አማካይነት ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጤና ትምህርት ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ኮሮና በመጣ ጊዜም የአገሪቱ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትንና ሙዚየሞችን ለሚደግፈው የፌዴራል ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 50 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። የራቤልና የአሜሪካ አቅም አይወዳደርም። ነገር ግን ከዚህ የሚወሰደው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት የወረርሽኝ መከላከያ አካል ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

በኢትዮጵያም አነስተኛ ጅምር ሩቅ እንደሚወስድ ማሳያ አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት ለሕፃናት በሾላ ቤተ መጻሕፍት ከመክፈቱም በላይ፣ በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች ይወስድ ነበር። ኮድ ኢትዮጵያም በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ሲደግፍ ቆይቷል። መጽሐፍ ወደ ሰው ለመድረስ የግድ የመስታወት ሕንፃ አይጠብቅም።

ሦስት ተገቢ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ “ማንበብ ለማይችል ሰው ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግለታል?” የሚል ነው። ጥያቄው ከባድ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ከወንዶች 69 ከመቶ ነበሩ። የቤተሰቡን ውኃ፣ ምግብና ሕመምተኛ የምትይዘው ብዙውን ጊዜ እናት እንደ መሆንዋ፣ ንባብን ብቻ የሚጠብቅ የጤና ትምህርት ዋናዋን ሰው ይስታል። ስለዚህ የንባብ ቤት የጤና ፕሮግራም ጮክ ብሎ በማንበብ ላይ መመሥረት አለበት። ይህ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ በተማሪ ልጅ ይነበብ ነበር፤ ድርሳንና ገድልም ለሕዝብ የሚደርሱት በአንባቢ አፍ ነው። አንድ አንባቢ ለሃያ አድማጭ ይበቃል፤ ከንባቡ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ ከንባቡ አይተናነስም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ “ወረርሽኝ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍቱም መዘጋቱ አይቀርም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?” የሚል ነው። ገበሬ የማሳውን ፈሰስ የሚያወጣው ጎርፉ ከመጣ በኋላ አይደለም። የንባብ ቤቱ ዋና ሥራ የሚሠራው በደኅናው ጊዜ ነው፤ ሕዝቡ ትኩሳትን፣ የመተንፈስ ችግርንና የሰውነት ፈሳሽ ማለቅን ምልክቶች ለይቶ እንዲያውቅ፣ የክትባትን ጥቅም እንዲረዳ፣ ጥያቄ መጠየቅን እንዲለምድ ያደርጋል። የኮሮና ክትባት የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን መጠን ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ደርሶ ሳለ በጥርጣሬ የዘገየ ሰው የጎደለው መድኃኒት ሳይሆን የሚያምነው መልስ ነው። መታመን ደግሞ በአንድ ሳምንት ዘመቻ አይገኝም። ቤቱ በሚዘጋበት ጊዜም ቢሆን ሥራው ወደ ደጅ ሊወጣ ይችላል፦ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ መልእክት፣ በየቤቱ የሚዞር መጽሐፍ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ “ገንዘቡ ሲያልቅስ?” የሚል ነው። ለዚህ የመንዝ ሕዝብ ራሱ መልስ አለው። ከግሼ ጋር በሚዋሰነው በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ400 ዓመታት በላይ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሕዝቡ የሚመርጣቸው ኃላፊዎች ነበሩ፤ ሣሩ የሚታጨድበትና የሚከለከልበት ጊዜ ይታወቅ ነበር፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ኋላ ማኅበረሰቡ በወኪሎቹ አማካይነት ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል። ጓሳን ያቆየው የውጭ ገንዘብ አልነበረም፤ ባለቤት፣ ደንብና ተራ ነው። የንባብ ቤትም የጋራ ሀብት ነው። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ መጽሐፍ ያጠፋ ምን እንደሚተካ፣ በየትኛው ቀን ለማን እንደሚከፈት የሚደነግግ ደንብና የተመረጠ ኮሚቴ ካለው፣ ድጋፉ ሲያቆም ቤቱ አይዘጋም።

የድጋፍ ጥያቄ ሲዘጋጅ

ማንኛውም ድጋፍ ሰጪ የሚጠይቀውን በግልጽ ማስቀመጥ ጥያቄውን ያጠነክራል። አንድ ጥሩ የድጋፍ ጥያቄ የሚከተሉትን ይመልሳል፦

1. ችግሩ ምንድን ነው? “የግንዛቤ እጥረት አለ” ማለት አይበቃም። ከጤና ጣቢያው መዝገብ በመነሣት በአካባቢው በብዛት የሚታየው በሽታ የትኛው እንደ ሆነ፣ ሰው ዘግይቶ የሚመጣው ለምን እንደ ሆነ ይገለጽ። በደጋው ብርድ ልብስ ሳይታጠብ በሚደራረብበት ጊዜ ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ አሉ፤ ውኃ በሚጎድልበት ቦታ ደግሞ የዓይን ማዝና ተቅማጥ አሉ።

2. ምን ይሠራል? በሳምንት አንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት ተመድቦ ይነበባል፤ በወር አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያ ተገኝቶ ጥያቄ ይመልሳል፤ ተማሪዎች መጽሐፍ ተውሰው ለወላጆቻቸው ያነባሉ።

3. ማን ይሠራዋል? በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራቸው ብዙ ነው። የንባብ ቤቱ ሠራተኛ ሸክማቸውን የሚያቀል እንጂ የሚጨምር መሆን የለበትም። ስለዚህ በጀቱ ለሠራተኛው ሥልጠና ቦታ ይስጥ።

4. ገንዘቡ ለምን ይውላል? መጀመሪያ ለሰው፣ ቀጥሎ ለቤቱ መሠረታዊ ነገሮች፦ ለመደርደሪያ፣ ለወንበር፣ ለመብራት፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለድምፅ ማጉያ። ኅትመት መጨረሻ ይምጣ። ሙሉ በጀቱ ወደ በራሪ ወረቀት የሚሄድ ፕሮግራም ከወረቀቱ ጋር ያልቃል።

5. ለውጡ በምን ይታወቃል? የተሰራጨ ወረቀት መቁጠር ለውጥን አያሳይም። በንባቡ የተገኘው ሰው ቁጥር፣ የተነሡት ጥያቄዎች መዝገብ፣ ከንባብ ቤቱ ተልከው ወደ ጤና ጣቢያ የደረሱ ሰዎች ቁጥር ይመዝገብ።

6. ከድጋፉ በኋላ ማን ይቀጥለዋል? የሠራተኛው ደመወዝና የቤቱ ጥገና ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ወደ ወረዳው በጀት እንደሚዛወር ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስፈር። እድሮችና ማኅበራት በጉልበት፣ በእንጨት ወይም በመዋጮ የሚያበረክቱትም ይጠቀስ።

የንባብ ቤቱ የጥንቃቄ ደንብ

ጤናን የሚያስተምር ቤት በሽታ የሚያስተላልፍ መሆን የለበትም። በደኅናው ጊዜም ሆነ በወረርሽኝ ወቅት የሚከተሉት ይጠበቁ፦

• መስኮትና በር ይከፈት፤ የአየሩ ጠባይ ከፈቀደ ንባቡ በደጅ ይሁን። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ነፋሻ ቦታ ትልቅ መከላከያ ነው።

• ሲገቡና ሲወጡ እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ መታጠብ ልማድ ይሁን።

• ገጽ ሲገልጡ ጣትን በምራቅ ማራስ ይቅር። መጽሐፉ የሚዞረው ከእጅ ወደ እጅ ነው።

• የሚያስለው፣ ትኩሳት ያለበት ወይም የሚያስቀምጠው ሰው እስኪሻለው ድረስ ወደ ቤቱ አይግባ፤ ለጥያቄው መልስ በሌላ ሰው በኩል ይላክለት።

• በወረርሽኝ ወቅት የፊት መሸፈኛ ይደረግ፤ በመቀመጫዎች መካከልም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይጠበቅ።

• እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መንገድ አለው። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ኮሮና በትንፋሽ፣ ተስቦ በቅማል ይተላለፋል። የማስታወቂያ ሰሌዳው ጽሑፍ እንደ በሽታው ይለወጥ፤ ጊዜው ያለፈበት ምክር ይነሣ።

• የንባብ ቤቱ ሠራተኛ ሐኪም አይደለም። በሽታ አይመረምርም፤ መድኃኒት አያዝም። ያነባል፣ ያዳምጣል፣ የማያውቀውን ለጤና ባለሙያ ይጠይቃል፣ የታመመን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። የሰማውንም የግል ምስጢር ለሌላ አይናገርም።

• አዲስ ወሬ ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ማን ተናገረው? ከየት አወቀው? ጤና ጣቢያው ምን ይላል? ካልተረጋገጠ አይለጠፍ፣ አይነበብ። ለማረጋገጥ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻላል።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ግቢ ያለች አንዲት ክፍል፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ አንድ አንባቢ ካሉ ሥራው ተጀምሯል። ድጋፍ ሰጪም ገንዘቡን ይበልጥ የሚያምነው ለተጀመረ ሥራ ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ በመጣ ጊዜ ግን የራቤል እናት ጥያቄዋን ይዛ የምትሄድበት በር ክፍት ሆኖ መጠበቁ ከዛሬ ጀምሮ ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና እድሮች በሚቀጥለው የበጀት ዕቅድ ወቅት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ቁልፉን የሚይዘውን ሰውና የመጀመሪያውን የንባብ ቀን ቢወስኑ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።